እንኳን ጣለልሽ

የወይራ ጭስ ከሌላ እንጨት ጭስ ጋር አይምታታም። የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ የክትክታ ጭስ ያስላል፤ የወይራ ጭስ ግን ቅል ውስጥ ገብቶ፣ ከወተት ጋር ተዋሕዶ፣ ጠጪው ከተነሳ በኋላ እንኳ ከአፉ አይለይም። ባለፈው ሰሞን ወልድያ ውስጥ መነጽሬን አሠርቼ ወደ ልጄ ቤት ስመለስ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ይኸው ሽታ ከኋላዬ መጣ። ዘወር ስል አንዲት ሴት ሙሉ የወተት ቅል ከፊቷ አስቀምጣ፣ ክዳኑን አንሥታ ለአንድ ጎልማሳ እርጎ ትቀዳለች። አዲሱ መነጽር ገና ከዓይኔ ጋር አልተስማማም ነበርና ከመልኳ በፊት ድምፅዋን ለየሁት።

«መምህር! በአላህ፣ አንቱ ነዎት? አልሞቱም እንዴ?»

«ብሞት ማን ቆሞ ይታይሻል?» አልኳት።

«እሱስ እውነትዎ ነው። ሳጥንዎን በልተንብዎ በምን ይሞታሉ!» ብላ በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች።

እርጎውን ይዞ የቆመው ጎልማሳ ኩባያውን ከአፉ አውርዶ አንዴ እርሷን፣ አንዴ እኔን ያይ ጀመር። አይፈረድበትም። ዘሀራ፣ መርሳ ከተማ ሳለሁ፣ ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ላሟን እያለበች፣ ወተቷን እየሸጠች ቤቷን ያቆመች ሴት። ከጦርነቱ በኋላ ልጄ ወልድያ አምጥታ ቤቷ ስላኖረችኝ ተያይተን አናውቅም ነበር። ካጠገቧ ያለውን ድንጋይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ተቀመጥኩ። እርጎ ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር ያ ኮረብታ መጣ።

ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚያስኬደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የአንድ የጥንት ሸህ መቃብር ያለበት ኮረብታ አለ። ኮረብታውን የሸፈነውን ዛፍ ሰዉ ሁሉ «ጫካው» ይለዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን «ደን ነው» እያልኩ ታገልኩ፤ አልተሳካልኝም። ጫካ የተገኘው ሁሉ የበቀለበት ነው፤ ደን ግን እንደ ቤት ነው፣ ጣሪያና ወለል አለው። የዚህኛው ጣሪያ ዝግባና ዋንዛ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወይራው፣ ወለሉ ላይ አጋምና ክትክታ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ኮረብታው እግር ሥር የሚፈልቅ ምንጭ። ወፏ የወይራውን ፍሬ በልታ ዘሩን አጋሙ ሥር ትጥለዋለች፤ አጋሙ በእሾሁ ቡቃያውን ከፍየል ይሰውረዋል፤ ቡቃያው አድጎ አፈሩን ያጠላል፤ አፈሩ ዝናቡን ይዞ ለምንጩ ቀስ እያለ ያቀብለዋል። ከእነዚህ አንዱን ያወጣ ሰው ሌላውን እንዳወጣ አይታወቀውም፤ የሚታወቀው እንስራ ይዞ ወርዶ ምንጩ ሲሳሳበት ነው።

ይህን ደን ጠብቆ ያኖረው ዘበኛ አልነበረም። አንድ ግስ ነበር። «የወደቀውን አንሱ፤ የቆመውን አትንኩ» የተባለ ቃል ከሸህዬው ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ስለዚህ በልጅነቴ የሰፈሩ ሴቶች ነፋስ ይጠብቁ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሌሊቱን ሲያናውጥ ያደረ እንደሆነ፣ ጧት መጫኛቸውን በትከሻቸው አንግበው ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ» አይባባሉም።

«እንኳን ጣለልሽ!»

«አሚን፤ ላንቺም ይጣልልሽ!»

የጣለው ማን እንደሆነ አይጠራም። ነፋሱ ነው ያለም አለ፤ አላህ ነው፣ እግዜር ነው፣ ሸህዬው ናቸው ያለም አለ፤ ሁሉም በዚያች አንድ ቃል ውስጥ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ክርስቲያኗ እናቴም ይህንኑ ትል ነበር። የወረደው እንጨት ከቤቱ ተርፎ መርሳ ገበያ ሲቀርብ አንድ ሸክም በስሙኒ ነበር፤ ወይራ ከሆነ ትንሽ ይጨመርበታል፣ ምክንያቱም የወተት ዕቃ የሚታጠነው በእርሱ ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕፀዋትን ትምህርት ተምሬ ስመለስ፣ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቦላሌ ሱሪ ለብሼ፣ ፀጉሬን እንደ ጎጆ ክዳን ከምሬ፣ የአውቶቡስ በር ሊጠበኝ ምንም አልቀረውም። የመርሳ ዋና መንገድ ያኔ የጭነት መኪና ማረፊያ ነበር። ሾፌሮቹ ከደሴ ዳቦ፣ ከአሰብ በኩል ናይለን ሸሚዝ ያመጣሉ። ከአንድ ሻይ ቤት ትልቅ ራዲዮ መስኮት ላይ ተቀምጦ አምባሰል ሲያዜም፣ የሚያልፈው ሁሉ እርምጃውን ከመሰንቆው ጋር ያስተካክል ነበር። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ድምፁ ብዙ ነው፤ እርምጃውን የሚያስተካክል ግን አላየሁም።

አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ያደረግሁት ተማሪዎቼን ወደ ደኑ ማውጣት ነበር። እዚያ ሁለት ትልልቅ የዝግባ ዛፎች ነበሩ፤ አንዱ ከምንጩ በላይ፣ ሌላው ከመቃብሩ አጠገብ። ዝግባ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ናት፤ ወንዱ ዱቄቱን በነፋስ ካልላከላት ግን ፍሬዋ መካን ይሆናል። በዙሪያው ሌላ ወንድ ዝግባ ስላልነበረ፣ ያ ከምንጩ በላይ ያለው ቢጠፋ ሴቲቱ ቆማ ዘሯ ያልቃል። ይህን በጥሞና ሳስረዳ ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ቆመው ያዳምጡ ነበር።

«ኧረ ባክህ! ዛፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ባል አገባ?» አለች አንዷ።

«እንዴት ያለ ባል ነው እሷን እዚያ ትቶ ማዶ የሚቆም?» አለች ሌላዋ። «የኔን ባል ይመስላል!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዱ ዝግባ «ሙሽራው» ተብሎ ቀረ። ለሳይንስ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ይኸው ነው፤ ስሙ እስካሁን አልተለወጠም።

እንግዲህ ጦርነቱ። ስለ እርሱ ሌሎች ብዙ ይጽፋሉ፤ ማን ከየት እንደመጣና መቼ እንደሄደ መተረኩን ለእነርሱ ትቻለሁ። እኛ ዘንድ የመጣው በድምፁ ሳይሆን በዝምታው ነበር። ከደሴ ወልድያ ሲያጓራ የሚውለው የሚያድረው መንገድ ጸጥ አለ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ናፍጣ ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ብዙ ሰው የደኑ ጉዳት ከመጥረቢያ የጀመረ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከወፍጮው ነው የምለው። ዱቄት ቶሎ ይበስላል። ወፍጮ ሲቆም ግን ሰው ማሽላውንና በቆሎውን እንዳለ ቀቅሎ ንፍሮ ይበላል፤ ንፍሮ ደግሞ እንጨት የሚጠጣ ምግብ ነው። የእጅ ወፍጮውንማ አብዛኛው ቤት ከስንት ዘመን በፊት የበር መደገፊያ አድርጎታል። በዚያ ላይ የሚሸሸው ሰው መጣ። ዘሀራ ቤት ከራያ በኩል የሸሹ ዘመዶቿ ከነልጆቻቸው ገቡ፤ ሰው እንደ እህል ተደራርቦ አደረ።

በመጀመሪያ በየማሳው ዳር ያለው ባሕር ዛፍ አለቀ። ቀጥሎ ከደኑ ግርጌ ያለው ክትክታና አጋም ሄደ። «መምህር፣ ይኼ ዛፍ አይደለም እኮ፣ እሾህ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ቡቃያውን ከፍየል የሚጠብቀው ያ እሾህ መሆኑን እያስረዳሁ ሰለቸሁ። ከዚያ የወደቀው ቅርንጫፍ አለቀ። ነፋሱም እንደ ወትሮው አልነፈሰም። አንድ ሰሞን ግን ነፋስ ሳይኖር ብዙ እንጨት መውደቅ ጀመረ። መኪናው ተወስዶበት ሥራ የፈታው ሾፌሩ ደምሴ ከደጄ እያለፈ፣

«መምህር፣ የዘንድሮ ነፋስ መጥረቢያ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ሰምተዋል?» አለኝ።

ሳቅሁ። በማግስቱ ወደ ምንጩ ወጥቼ ሙሽራውን ሳይ ሳቄ ከአፌ ደረቀ። በወገብ ቁመት ላይ ቅርፊቱ ተልጧል። ዛፍ ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በዚያ ቅርፊት ነው፤ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፣ ቆሞ ይሞታል፣ ደርቆም ይወድቃል። ሲወድቅ ደግሞ «የወደቀ» ነው፤ ማንሣት ይፈቀዳል። ቃሉ ሳይነካ ቃሉ ተሻረ ማለት ነው። ልጣጩ ግን ዙሪያውን አልዞረም፤ ግማሽ ላይ ቆሟል።

ነገሩ ለቅሬው ቀረበ። ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ያዘነ ይጽናናል። ዳኛው አያ ሙሄ ነበር፤ ጥርሱ አልቆ ቀልዱ ያላለቀ ሽማግሌ። ከኮረብታው እግር ሥር ካለው ዋርካ ጥላ ተሰበሰብን። አያ ሙሄ ዱዓ አድርጎ ነገሩን ከፈተ።

ደምሴ ተነሳ። «አያ ሙሄ፣ ይፍቀዱልኝ። ያ ዛፍ እኮ ሞቷል፤ የቆመው ለወጉ ነው። ነገ ነፋስ የሚጥለውን ዛሬ እኛ ብንጥለው ምን ይለያል? ሰው ተርቧል።»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እኔ ተነሳሁ። «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» አልኩ። «‹ወደቀ› ስንል ባለቤቱ ራሱ ዛፉ ነው፤ ሌላ ሰው አንጠይቅም። ‹ጣለ› ስንል ግን ሌላ ባለቤት ይመጣል። ማን ጣለ? ባለቤቱ ያልታወቀ ‹ጣለ› ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይሆንም። ሸህዬው ‹የወደቀውን› አሉ እንጂ ‹የጣላችሁትን› አላሉም።»

ከጥግ እስከ ጥግ ሳቁ። «ዛሬም ክፍል ውስጥ ነን!» አለ አንዱ። ከሴቶቹ በኩል ግን ዘሀራ ሳትስቅ ተናገረች።

«መምህር፣ አላህ ይስጥልኝ። ቤቴ ያሉት ሕፃናት ግን በሰዋስው አይጠግቡም።»

ሳቁ ቆመ። እኔም ተቀመጥኩ።

አያ ሙሄ ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረ። «ሰዋስው የሚባለውን አላውቀውም» አለ። «መምህር ይመር ያላትን ‹ባለቤት› የምትል ቃል ግን ወድጃታለሁ። እንግዲህ እኔም በእርሷ ልጠይቅ። የዚህ ልጣጭ ባለቤት ማን ነው?»

ከዋርካው ላይ አንዲት ጦጣ ፍሬ ጣለችብን፤ በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅባት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ዘሀራ።

ሻሿን አጠበቀችና ተነሳች። «ልጆቹ ንፍሮው እስኪበስል መጠበቅ አቅቷቸው ጥሬውን ሲቆረጥሙ አይቼ ወጣሁ። ማጭድ ነው የያዝኩት። ቆርጬ አልጥለውም፤ ደርቆ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ለሁላችን ይሆናል ብዬ ነው። ግማሹን ከላጥኩት በኋላ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ይኼ ዛፍ የወደቀ ዕለት ጎረቤቶቼ ‹እንኳን ጣለልሽ› ይሉኛል። ምን ብዬ ነው አሚን የምለው? ጣለልሽ አይደለም እኮ፤ ጣልሽ ነው። ያ ረቢ! እጄ ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም። ማጭዴን ይዤ ወረድኩ። አሁን እንዳሻችሁ ቅጡኝ፤ ልጆቹን ግን ምን ላብላቸው?»

አያ ሙሄ ወደ እኔ ዞረ። «ይመር፣ ይድናል?»

«ግማሽ ቅርፊቱ አለ። ቁስሉ በእበትና በጭቃ ተመርጎ በጨርቅ ከታሰረ፣ ሌላ እጅም ካልነካው ሊድን ይችላል» አልኩ። «ይድናል» ግን አላልኩም፤ የማላውቀውን አልናገርም።

«መልካም። ባለቤቲቱ ታስታምመው፤ ቅጣቷ እርሱ ነው። አሁን ወደ ልጆቹ።» ሽማግሌው ወደ ቅሬው ቤት ተመለከተ። «እዚያ ቤት ውስጥ ምን አለን?»

ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን፣ ድስት፣ ከዚያም እስከ ጣሪያው የተደረደረ ደረቅ እንጨት፤ ለሙስሊሙ ከአፈሩ በፊት መቃብሩን የሚያለብሱት ርብራብ፣ ለክርስቲያኑ የሬሳ ሳጥን ሳንቃ። ከመካከሉ የእኔ ዋንዛ ነበረ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ራሴ መርጬ፣ በጥላ አድርቄ፣ በልኬ አስጠርቤ ያስቀመጥኩት ሳንቃ፤ በተጣመመ ጣውላ ውስጥ መተኛት አልፈለግሁም ነበርና።

«አያ ሙሄ!» አለ ደምሴ ደንግጦ። «በዚህ ጊዜ? ሰው እንዲህ በሚረግፍበት ጊዜ የሙታኑን እንጨት?»

«የሙታኑ መቼ ሆነ? ገና አልሞቱም እኮ። የሞተውን ድንጋይ እናለብሰዋለን፤ ድንጋይ አልጠፋ። ደግሞ ሕግ አወጣለሁ፤ እንጨቱ እስኪተካ ድረስ ማንም አይሞትም። የሞተ ይቀጣል!»

በዚያ ዘመን እንደዚያ ስንስቅ ሌላ ጊዜ አላስታውስም። ሴቶቹ እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

«የመምህር ዋንዛስ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ደረቅ ዋንዛ ቶሎ ይያያዛል» አልኩ። «ፍሙ ግን አይቆይም። ከሌላ ጋር ቀላቅሉት።»

ዘሀራ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

አያ ሙሄ አንድ ነገር ጨመረ፤ እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ማንደዱን ትቶ፣ በየረድፉ ያሉ ቤቶች በአንድ ምድጃ እንዲቀቅሉ። የአንድ ቤት ንፍሮ የሚፈጀው እሳት ለጎረቤቶቹም በቃ። የእኛ ረድፍ ምድጃ ዘሀራ ደጅ ነበር። ሳንቃዬ ሲነድ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ቆርቆሮ ይዘው ተሰልፈው፣ ትንሿ ልጅ «የአባባ ሳጥን በሰለ?» ብላ ስትጠይቅ። ጠዋት ጠዋት ዘሀራ እበትና ጭቃ በአሮጌ ድስት ይዛ ወደ ሙሽራው ትወጣለች፤ ጨርቁን ትቀይርለታለች፤ ታነጋግረዋለችም ይባላል። ደምሴ ከደኑ ዳር ቁጭ ብሎ ይውላል። «መጥረቢያ የያዘውን ነፋስ እጠብቃለሁ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ነፋስ አልመጣም።

ሕጉን አስቀድሞ የጣሰው ራሱ አያ ሙሄ ነበር። መንገዱ ገና ሳይከፈት፣ መድኃኒት ያጣ ሕመም ወሰደው። ከደኑ ዳር ቆፍረን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክመን አለበስነው። ደምሴ የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያኖር፣ «አያ ሙሄ፣ ቅጣትዎን ሳይከፍሉ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወዲህ ቅሬው ርብራብ አልቆረጠም፤ ሙስሊሙ ሟች ሁሉ ድንጋይ ይለብሳል።

ደኑ ሙሉ በሙሉ ዳነ ብዬ አልዋሽም። ግርጌው ተገጥቧል፤ አጋሙ ገና ዝቅ ብሎ ነው፤ ያ ቀይ ክንፉን እየዘረጋ ከዋንዛ ወደ ዋንዛ የሚሻገረው ሶረኔ የምንለው ወፍ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ምንጩም በበጋ እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን መርሳን ከመልቀቄ በፊት ከሴቲቱ ዝግባ ሥር ፍሬ ለቅሜ በቆርቆሮ ዘርቼ ነበር። ዝግባ ቸኩሎ አያውቅም። ተስፋ ቆርጬ ቆርቆሮውን ልደፋ ስል ነው አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መርፌ ያየሁት። መካን አልነበረችም።

እርጎዬን ጨረስኩ። ጎልማሳው ሄዷል፤ ስለ ሳጥኑ ሳይጠይቅ መሄዱ አሳዘነኝ። ዘሀራ ኩባያውን ተቀበለችኝና ዘወር ብላ አላየችኝም፤ አንድ የምትደብቀው ነገር ያላት ሰው ትመስል ነበር።

«መምህር፣ እንኳን ጣለልዎ!» አለች በድንገት።

«ለእኔ?»

«ለአንቱ። ባለፈው ጁምዓ ሌሊቱን ሲያናውጥ አደረና ከሙሽራው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ወረደ። ከቁስሉ ወገን ያለው፣ ያ ሰው የሚያህለው። ቅሬው ተሰበሰበ። ሳንቃ ይወጣዋል፣ የመምህር ነው፣ ዕዳችን ነው ተባለ። አሁን ቅሬው ቤት ገብቷል።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። «ወደቀ ነው ወይስ ጣላችሁት?»

«ወላሂ ወደቀ!» አለች እጇን ወደ ላይ አንሥታ። «ደምሴም ይመስክር! ቅሬው መጥቶ እስኪያየው ድረስ ከወደቀበት ሳያስነሳ የጠበቀው እሱ ነው፤ መምህር ሳይጠይቁ አይቀሩም ብሎ።»

ሰላምታው መልስ አለው። ሌላ መልስ ሲሰጠው ሰምቼ አላውቅም።

«አሚን» አልኩ። «ግን ንገሪያቸው። እርጥብ ዝግባ ይጣመማል። በጥላ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ቀስ እያለ ነው መድረቅ ያለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አትቸኩሉ በያቸው።»